ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ኅብረት መግባት

ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ኅብረት መግባት ማለት በሌላ ቤተ ክርስቲያን ወይም በሌላ የክርስቲያን ማኅበር የተጠመቀ ሰው የካቶሊክን እምነት መስክሮ፣ ከሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትና ከእርሳቸው ጋር አንድነት ካላቸው ጳጳሳት ጋር በእምነት፣ በምሥጢራትና በአስተዳደር አንድ የሚሆንበት ሥርዓት ነው። በዘልማድ «ካቶሊክ ሆነ» ወይም «ሃይማኖቱን ቀየረ» ይባላል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን የተጠመቀን ክርስቲያን በተመለከተ እነዚህን አነጋገሮች ብዙም አትወዳቸውም። በትምህርቷ መሠረት ሰውዬው ክርስትናን አዲስ አይጀምርም፤ በጥምቀቱ የጀመረው ኅብረት ይሞላለታል እንጂ።

ካቶሊኮች እንዲህ ያለውን ሰው በደስታ የሚቀበሉበት ምክንያትም፣ ሲቀበሉት ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ምክንያትም ከዚሁ ትምህርት ይወጣል። በታሪክ ይህ ትምህርት የተጠበቀበትም የተጣሰበትም ጊዜ አለ። ኢትዮጵያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጣሰበትን ውጤት በደም አይታለች። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉና ትርጉሙ

«ኅብረት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከማኅበርተኝነት ያለፈ ትርጉም አለው። በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት አጥቢያዎች ኅብረት አላቸው የሚባለው የአንዱ ምእመን በሌላው መሠዊያ ቀርቦ መቁረብ ሲችል ነበር። ኅብረት ተቋረጠ ማለትም አብሮ መቁረብ ቀረ ማለት ነው። ዛሬም በካቶሊክ አስተሳሰብ የሙሉ ኅብረት ዋና ምልክት አንድ ቅዱስ ቁርባን መካፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ በቁጥር 205 ሙሉ ኅብረትን በሦስት ማሰሪያዎች ይገልጸዋል፤ እነርሱም የእምነት ምስክርነት፣ ምሥጢራትና የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ የጎደሉት የተጠመቀ ክርስቲያን ከኅብረቱ ጨርሶ ውጭ አይደለም። ኅብረት አለው፤ ኅብረቱ ግን ሙሉ አይደለም ይባላል።

በዚህ የተነሣ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ የሚመጡ ሰዎች በሁለት ወገን ይለያሉ።

የመጀመሪያዎቹ ያልተጠመቁት ናቸው። እነዚህ በጥንቱ ስማቸው ንዑሰ ክርስቲያን ይባላሉ። ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1922 የተጠመቀችው ጀርመናዊቷ ፈላስፋ ኤዲት ሽታይን ለዚህ ወገን ምሳሌ ናት።

ሁለተኛዎቹ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁት ናቸው። ይህ መጣጥፍ በዋነኛነት ስለ እነርሱ ነው። በአሜሪካ የካቶሊክ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1986 ያጸደቁት ደንብ «ከሌላ እምነት የተመለሰ» የሚለው መጠሪያ ለመጀመሪያዎቹ ብቻ እንዲውልና አስቀድሞ ለተጠመቀ ክርስቲያን እንዳይነገር ደንግጎ ነበር።

የመቀበሉ ምክንያቶች

ስለ ቤተ ክርስቲያን ያለው ትምህርት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 21 ቀን 1964 ሦስት ሰነዶችን በአንድ ቀን አወጣ። እነዚህም ስለ ቤተ ክርስቲያን ምንነት፣ ስለ ምሥራቃውያን ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት እና ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የሚናገሩ ናቸው። የመጀመሪያው ሰነድ ክርስቶስ የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸንታ ትኖራለች ይላል። ወዲያውም ከሚታየው አጥሯ ውጭ ብዙ የቅድስናና የእውነት ነገሮች እንዳሉ ይመሰክራል።

ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አብረው መነበብ አለባቸው። የመጀመሪያው ካቶሊኮች አዲስ ገቢን ለምን በደስታ እንደሚቀበሉ ያስረዳል። ክርስቶስ ለመዳን የሰጣቸው መንገዶች ሁሉ በአንድነት የሚገኙት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሌላውም እንዲካፈላቸው መመኘቱ አይቀርም። ሁለተኛው ደግሞ ያ ሰው ባዶ እጁን እንዳልመጣ ያስገነዝባል። መጽሐፍ ቅዱስን፣ ጸሎትን፣ ጾምን፣ ጥምቀትንና ፍቅርን ከመጣበት ይዞ መጥቷል።

ጥምቀት

በካቶሊክ ትምህርት ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ የማይደገምና የማይፋቅ ምሥጢር ነው። በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ ያጠመቀ ሰው የየትኛውም ማኅበር አባል ቢሆን ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። የትሬንቶ ጉባኤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1547 በቀኖና አጽንቶታል። ስለዚህ በኦርቶዶክስ፣ በሉተራን ወይም በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ሰው በካቶሊኮች ዓይን አስቀድሞ ወንድም ነው። መቀበሉም እንግዳን ከማስተናገድ ይልቅ በአንድ ቤት ተወልዶ በሌላ ያደገን ወንድም ወደ አንድ ማዕድ ከመጥራት ጋር ይመሳሰላል።

ቅዱስ ቁርባን

ብዙ ሰዎች ወደ ሙሉ ኅብረት መግባት የሚጠይቁት መቁረብ ስለሚፈልጉ ነው። ካቶሊኮች ቁርባንን የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋና ደም፣ የቤተ ክርስቲያንም አንድነት ምልክት አድርገው ያምናሉ። በዚህም ምክንያት ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ኅብረት የሌለው ሰው አይቆርብም። ይህ ክልከላ በተለይ ባልና ሚስት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን አባላት በሆኑበት ቤት ከባድ ሆኖ ይሰማል። በየሳምንቱ አብሮ ቅዳሴ ገብቶ፣ በቁርባን ሰዓት አንዱ ተነሥቶ ሌላው መቅረቱ ለብዙዎች የመጀመሪያው ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

የኅሊና ነጻነት

ጉባኤው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ባወጣው የሃይማኖት ነጻነት መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ነገር እንዳይገደድ፣ ኅሊናውን ከመከተልም እንዳይከለከል አስተምሯል። ይህ ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያኒቱ ማንንም አስገድዳ ወይም አማልላ ማስገባት አትችልም፤ የምሥራቃውያን ካቶሊኮች ቀኖና ሕግ በቁጥር 586 ይህን በጥብቅ ይከለክላል። በሌላ በኩል ደግሞ በኅሊናው ተገፋፍቶ የመጣን ሰው «ባለህበት ቆይ» ብላ መመለስ አትችልም። በቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 3 ቀን 2007 ባወጣው ሰነድ እንዲህ ያለው ጥያቄ የመንፈስ ቅዱስ ሥራና የኅሊና ነጻነት መግለጫ ተደርጎ ሊከበር እንደሚገባው አስረድቷል።

ይዘውት የሚመጡት ስጦታ

የአንድነቱ ሰነድ በሌሎች ክርስቲያኖች ዘንድ የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ የሠራው ማንኛውም ነገር ካቶሊኮችን ራሳቸውን ሊያንጽ እንደሚችል ይናገራል። በተግባርም ከፕሮቴስታንት የመጡ ሰዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብን፣ ከአንግሊካን የመጡት የመዝሙርና የጋራ ጸሎት ውርሳቸውን፣ ከምሥራቅ የመጡት ጥንታዊ ቅዳሴያቸውን ይዘው ገብተዋል።

ታሪክ

የጥንቱ ክርክር

የተጠመቀ ሰው ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፍሎ ነበር። የካርታጎው ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ከመናፍቃን የሚመጡ ሁሉ መጠመቅ አለባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ጥምቀት የለምና ብለው አስተማሩ። በ256 ዓ.ም. በካርታጎ የተሰበሰቡ የሰሜን አፍሪካ ጳጳሳትም ደገፏቸው። የሮማው ጳጳስ እስጢፋኖስ ቀዳማዊ ግን የቆየው ልማድ እንዳይለወጥ፣ በንስሐና እጅ በመጫን ብቻ እንዲቀበሏቸው አዘዙ። እስጢፋኖስ በ257፣ ቆጵርያኖስም በ258 ሲያርፉ ጠቡ ሳይፈታ ቀረ።

በ314 ዓ.ም. በአርል የተሰበሰበው ጉባኤ በሥላሴ ስም የተጠመቀ ሰው እጅ ተጭኖበት ብቻ እንዲገባ ወሰነ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በኢትዮጵያ ሠለስቱ ምዕት በመባል የሚታወቁት አባቶችም ልዩነት አደረጉ። የኖቫቲያን ተከታዮች እጅ ተጭኖባቸው እንዲገቡ በ8ኛው ቀኖና፣ የጳውሎስ ሳምሳጢ ተከታዮች ግን እንደገና እንዲጠመቁ በ19ኛው ቀኖና ደነገጉ። በኋላም ቅዱስ አውግስጢኖስ ከዶናቲስቶች ጋር ሲከራከር አጥማጁ ማንም ይሁን ማን የሚያጠምቀው ክርስቶስ ራሱ ነው የሚለውን ትምህርት አጸና። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን አቋም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን

በኢትዮጵያ የሆነው ይህ ትምህርት ሲረሳ ምን እንደሚከተል ያሳያል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ በትዕግሥትና በትምህርት የቤተ መንግሥቱን ልብ ማረከ። ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተለየ መንገድ ያዘ። የኢትዮጵያውያንን ጥምቀትና ክህነት በመጠራጠር ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ አደረገ። የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠርም ወደ ላቲኑ እንዲዞር ታዘዘ።

ከአባቶቹ ጀምሮ ክርስቲያን ለነበረ ገበሬ ይህ ትእዛዝ እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም ከማለት አይለይም ነበር። አመፁ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ተዛመተ። ከላስታ አማፅያን ጋር በተደረገው ውጊያ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። «ካቶሊክ» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የጥርጣሬና የፍርሃት ስም ሆኖ ቆየ።

አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል

ከ200 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ወደ ትግራይ መጣ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ አቡነ ያዕቆብ በመባል ይታወቃል። የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ የግእዝን ሥርዓት አክብሮ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር አብሮ ተጓዘ። ከእነርሱ መካከል በጎጃም ተወልዶ በመርጡለ ማርያም የመነኮሰው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል በአገሩ ሊቃውንት መካከል በነበረው የክርስቶስ ባሕርይ ክርክር ብዙ የደከመ፣ መልስ ፍለጋም ከገዳም ገዳም የዞረ ሰው ነበር። ከጉዞው በኋላ በ1844 ወደ ካቶሊክ ኅብረት ገባ።

ውሳኔው ዋጋ አስከፈለው። ታሰረ፣ ተሠቃየ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናውን አወጁ። ደ ያቆቢስ ደግሞ በ1860 ሞቶ በ1975 ቅድስናው ታወጀ። የሁለቱ ታሪክ ከሜንዴዝ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንዱ በዐዋጅ የመጣ የሕዝብ ለውጥ ሲሆን ሌላው የአንድ ሰው የረጅም ዘመን ፍለጋና ውሳኔ ነው።

ጆን ሄንሪ ኒውማን

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ታሪክ ይፈጸም ነበር። የኦክስፎርድ መምህርና የአንግሊካን ካህን የነበረው ጆን ሄንሪ ኒውማን ቤተ ክርስቲያኑን ከጥንት አባቶች ትምህርት ጋር ለማስማማት ለዓመታት ጻፈ፤ አስተማረ። በመጨረሻ ያ የጥንት አባቶች ጥናት ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መራው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 9 ቀን 1845 በሊትልሞር መንደር ዶሜኒኮ ባርቤሪ በተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ እጅ ተቀበለ። በዚህም የኦክስፎርድ ሥራውንና ብዙ ወዳጆቹን አጣ። በ1879 ካርዲናል ሆነ፤ በ2019 ቅዱስ ተባለ።

ኒውማን አንግሊካን ሆኖ የተማረውን አልጣለም። ስለ ኅሊናና ስለ ትምህርት እድገት የጻፋቸው ሥራዎች ዛሬ በካቶሊክ ትምህርት ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። አዲስ ገቢ ስጦታ ይዞ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚጠራውም ስለዚህ ነው።

ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ

ከጉባኤው በፊት በብዙ አገሮች ከፕሮቴስታንት የሚመጣ ሰው የቀደመ እምነቱን በቃል ይክድ ነበር። «ምናልባት ካልተጠመቅህ» በሚል ሁኔታዊ ቃልም ብዙ ጊዜ እንደገና ይጠመቅ ነበር። ከጉባኤው በኋላ ሁለቱም ቀሩ። የ1983ቱ ቀኖና ሕግ በቁጥር 869 ከባድ ጥርጣሬ ከሌለ በቀር ሁኔታዊ ጥምቀት እንዳይሰጥ ያዛል። በ1972 የወጣው የአዋቂዎች አቀባበል ሥርዓትም ለተጠመቁ ክርስቲያኖች የተለየ የመቀበያ ሥርዓት አዘጋጀ።

አቀባበሉ እንዴት ይፈጸማል

የሚገባው ሰው መጀመሪያ በአቅራቢያው ያለውን ቁምስና ካህን ያነጋግራል። ካህኑ የሰውዬውን የቀድሞ ሕይወት፣ ጥምቀቱንና ጋብቻውን ይጠይቃል። የጥምቀት ማስረጃ ይፈለጋል፤ ሰነድ ከጠፋም የምስክር ቃል ሊበቃ ይችላል።

ጥምቀቱ በሥላሴ ስም ያልተፈጸመ ከሆነ ሰውዬው እንዳልተጠመቀ ይቆጠራል። ለምሳሌ በኢየሱስ ስም ብቻ በሚያጠምቁ ማኅበራት ውስጥ የተጠመቀ ሰው ከንዑሰ ክርስቲያን ጋር ተምሮ ይጠመቃል። የሞርሞኖችን ጥምቀት በተመለከተም ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥታለች።

ጋብቻው ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ነጥብ ነው። ቀድሞ አግብቶ ፈትቶ ሌላ ያገባ ሰው የመጀመሪያው ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት እስኪመረመር ሊጠብቅ ይችላል።

የትምህርቱ ርዝመት በሰውዬው ሁኔታ ይወሰናል። ለዓመታት በጸሎትና በቃለ እግዚአብሔር የኖረ ክርስቲያን ከማያውቅ ሰው ጋር እኩል እንዲማር አይገደድም፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም እንዳይጫንበት ሥርዓቱ ያሳስባል። ይህ አነጋገር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ላይ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያት ከአሕዛብ ለመጡ ክርስቲያኖች ከላኩት ውሳኔ የተወሰደ ነው።

ከመቀበሉ በፊት ሰውዬው ንስሐ ይገባል። በላቲን ሥርዓት መቀበሉ ዘወትር በቅዳሴ ውስጥ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይዞ ይፈጸማል፦

1. ከስብከቱ በኋላ ሰውዬው ከአጋዡ (እንደ ክርስትና አባት ወይም እናት ከሚያግዘው ሰው) ጋር ወደ ፊት ይቀርባል።
2. ከምእመናን ጋር ጸሎተ ሃይማኖትን ይደግማል።
3. ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተገለጠ ነው ብላ የምታምነውንና የምታስተምረውን ሁሉ እንደሚያምን በአጭር ቃል ይመሰክራል።
4. ካህኑ የመቀበያውን ቃል ይናገራል፤ ሜሮን ያልተቀባ ከሆነም ይቀባዋል።
5. ካህኑ እጁን ይዞ የወዳጅነት ሰላምታ ይሰጠዋል።
6. ከማኅበሩ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆርባል።

ሥርዓቱን የሚመራው መጽሐፍ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ በአቀባበሉ ላይ ድል የማድረግ ስሜት የሚመስል ነገር እንዳይታይ ይላል። ሌላውን ቤተ ክርስቲያን አሸነፍን የሚል ጭብጨባ ለዚህ ሥርዓት ባዕድ ነው። አስፈላጊ ከሆነም መቀበሉ ጥቂት ዘመድና ወዳጅ ባለበት በጸጥታ ሊፈጸም ይችላል። በብዙ ቁምስናዎች የተጠመቁትና ያልተጠመቁት በትንሣኤ ዋዜማ አብረው ይገባሉ፤ ይሁን እንጂ የሁለቱ ልዩነት እንዳይደበዝዝ ይፈለጋል።

ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚመጡ

ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ፣ ምሥጢራት ሙሉ በሙሉ ትቀበላለች። ስለዚህ ከእነርሱ የሚመጣ ሰው አይጠመቅም፤ ሜሮንም አይደገምለትም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን ቀኖና ሕግ በቁጥር 897 መሠረት ከዝግጅት በኋላ የሚጠየቀው የእምነት ምስክርነት ብቻ ነው። ካህን ከሆነም ክህነቱ አይደገምም፤ የሚመለከተው ባለሥልጣን በሚያወጣው ደንብ ያገለግልበታል። ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወላጆቹ ከተቃወሙ አይቀበሉትም።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ድንጋጌ በቁጥር 35 ይገኛል። ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው በዓለም የትም ቢሆን የራሱን ሥርዓት ይዞ እንዲቀጥል ይደነግጋል። በዚህ መሠረት የተዋሕዶ ምእመን የነበረ ኢትዮጵያዊ በሮማ ወይም በዋሽንግተን በሚገኝ የላቲን ቁምስና በኩል ቢገባም፣ በሕግ የሚመዘገበው የግእዝ ሥርዓት ባላት በኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። በተለየ ሁኔታ ለመለወጥ ለቫቲካን ማመልከት ይቻላል። የሕጉ ዓላማ ካቶሊክ መሆን ላቲን መሆን ማለት እንዳይመስል ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1961 የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ መንበር ሲቋቋም የራሷን አስተዳደር አገኘች። በ2015 የኤርትራ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ችላ ወጣች። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የግእዝ ሥርዓት፣ በደቡብና በምዕራብ በብዛት የላቲን ሥርዓት ይሠራበታል። በ2007 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ።

በእንዲህ ያለ ጥቂት ማኅበር ውስጥ መግባት የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ማኅበርና ሰንበቴ፣ የክርስትና ልጅ ዝምድና፣ የጾምና የበዓል ቀን፣ የቀብር ቦታም ጭምር ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የግእዝን ቅዳሴና አጽዋማት ይዞ መግባት የሚቻል መሆኑ ክፍተቱን ያጠብበዋል። ቢሆንም ለቤተሰብ ውሳኔውን ማስረዳት ለብዙዎች ከትምህርቱ ይልቅ የሚከብድ ነው።

በቡድን የሚገቡ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክት 16ኛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 4 ቀን 2009 ባወጡት ሐዋርያዊ ድንጋጌ የአንግሊካን ማኅበራት ካህናቶቻቸውንና የጸሎት ውርሳቸውን ይዘው በቡድን እንዲገቡ ፈቀዱ። በዚሁ መሠረት በ2011 በእንግሊዝ፣ በ2012 በሰሜን አሜሪካና በአውስትራልያ ከሀገረ ስብከት ጋር የሚመሳሰሉ ሦስት አስተዳደሮች ተቋቋሙ። ሊዮን 13ኛ በ1896 የአንግሊካንን ክህነት ተቀባይነት የለውም ብለው ስለወሰኑ ካህናቱ እንደገና ይካናሉ። ያገቡትም በልዩ ፈቃድ ካህን ሊሆኑ ይችላሉ።

ክርክርና ትችት

የመጀመሪያው ትችት የሚመጣው ከኦርቶዶክስ ወገን ነው። በብዙ አገሮች ካቶሊኮች ከኦርቶዶክስ ሕዝብ ከፊሉን ገንጥለው ከሮማ ጋር ማዋሐዳቸው እንደ መንጋ ነጠቃ ይታያል። የካቶሊክና የኦርቶዶክስ የጋራ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1993 በሊባኖስ ባላማንድ ተሰብስቦ ይህ መንገድ ወደፊት የአንድነት ዘዴ ሊሆን እንደማይገባው ተስማማ። ነባሮቹ የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የመኖር መብት እንዳላቸው፣ የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ነጻነትም እንደሚከበር አብሮ ገልጿል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ኮሚሽን ውስጥ አልነበረችም፤ የሱስንዮስ ዘመን ትዝታ ግን ተመሳሳዩን ጥያቄ በኢትዮጵያም ሕያው አድርጎ አቆይቶታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከውስጥ የሚነሣ ነው። ካቶሊኮች ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ለአንድነት እየተወያዩ ግለሰቦችን መቀበላቸው አይጋጭም ወይ? የአንድነቱ ሰነድ በቁጥር 4 መልስ ይሰጣል። ግለሰብን ማዘጋጀትና መቀበል ከአብያተ ክርስቲያናት ውይይት የተለየ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ግን ከእግዚአብሔር ስለሆኑ አይቃረኑም ይላል። ተቺዎች ይህ በወረቀት ላይ ቀላል፣ በመንደር ግን ከባድ ነው ይላሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ጥምቀቱ እውነተኛ ከሆነና ድኅነትም ከአጥሩ ውጭ የሚቻል ከሆነ መግባቱ ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። የካቶሊክ መልስ ኅብረት ለመዳን የሚከፈል ዝቅተኛ ዋጋ አይደለም የሚል ነው። ክርስቶስ ለሐዋርያቱ አንድ እንዲሆኑ የጸለየው ጸሎት በሚታይ መልክ እንዲፈጸም ቤተ ክርስቲያን ትመኛለች። በሌላ በኩል ጉባኤው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስፈላጊ መሆኗን በእርግጥ አውቆ ለመግባት እምቢ የሚል ሰው መዳን እንደማይችል አስተምሯል። እንዲህ ባለ እውቀት ላይ የደረሰው ማን እንደሆነ መፍረድ ግን የእግዚአብሔር ነው ይባላል።

በጥምቀት ጉዳይ ያለው ውይይትም አላለቀም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስና የግብፁ ፓትርያርክ ታዋድሮስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 28 ቀን 2017 በካይሮ ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ለሚሄድ ሰው ጥምቀት እንዳይደገም በቅንነት እንደሚጥሩ ገልጸዋል። በቆጵርያኖስና በእስጢፋኖስ መካከል የተነሣው ጥያቄ ከ1,700 ዓመታት በላይ አልፎትም እስከ ዛሬ ውይይት ላይ ነው።